ሽማግሌ አስታርቋል፤ ልጁ ለፋሲካ ወደ ቤቱ ይመለስ?

የጠያቂዋ ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«የእህቴ ልጅ 10 ዓመቱ ነው። አባቱ በሕይወት የለም። የእንጀራ አባቱ በቀበቶና በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፈው ነበር፤ አንዴ በርበሬ አጥኖታል። መጨረሻ ላይ ክንዱን ሰበረው፤ አስተማሪው አይቶ ለፖሊስ አመለከተ። ሰውየው ተፈርዶበት ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ። ልጁ ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ የሕፃናት ማቆያ ማዕከል ነው ያለው። አሁን ሽማግሌ ገብቶ እህቴና ባሏ ታርቀዋል። ሰውየውም እስር ቤት ልብ ገዝቷል። ማዕከሉ ልጁን ወደ ቤተሰቡ እንመልሳለን ስላለን ለፋሲካ እንዲገባ አስበናል። በግ እናርዳለን፤ ዱባይ ያለው ወንድማችን ብስክሌት ይገዛለታል፤ ያለፈውን ማንም እንዳያነሳበት ተስማምተናል። እህቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ ባሏ ግንበኛ ነው፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ኮልፌ ተከራይተው ነው የሚኖሩት፣ እኔ ሳሪስ ነኝ። ልጁ ድጋሚ እንዳይጎዳ ምን እናድርግ? ወይስ እኔ ጋ ይደግ?»

ለፋሲካ አይግባ። ቀኑ ስለተቃረበ መልሴን ከዚህ ልጀምር። በዓል ኑሮ ለከበደው ቤት የዓመቱ አስቸጋሪ ሳምንት ነው። ወጪ ይበዛል፣ ብድር ይገባል፣ እንግዳ ይመላለሳል፣ ጠላውና አረቄው አይቋረጥም። እናትየው ከሌሊት ጀምሮ እግሯ ላይ ናት። ልጁ ደግሞ ክንዱን የሰበረውን ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው ዘመድ ጎረቤት ከቦ እያየው ነው። ቢፈራ «ምነው ፊትህን አጠቆርከው?» ይባላል። ቢያለቅስ «በበዓል ምድር!» ይባላል። ሽማግሌዎቹ እዚያው ካሉ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ «ና የአባትህን ጉልበት ሳም» ይሉታል። ይህ በጭራሽ እንዳይደረግ። ልጁ ያጠፋው ነገር የለም። ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠያቂው እሱ ከሆነ፣ ጥፋቱ መናገሩ እንደነበር ነው የሚገባው። ሁለተኛ ቢመታ ለማንም አይናገርም።

ልጁ በዓሉን ይጣ ማለቴ አይደለም። ማዕከሉ ከፈቀደ ለፋሲካ ሳሪስ እርስዎ ቤት ይምጣ። እናቱና እህቱ እዚያ መጥተው አብረውት ይዋሉ። በጉም እዚያው ይታረድ። የእንጀራ አባቱን መጀመሪያ የሚያገኘው ግን ከበዓሉ በኋላ፣ ማዕከሉ ውስጥ፣ የልጁን ጉዳይ የምትከታተለው የማዕከሉ ሶሻል ወርከር አብራ ተቀምጣ፣ ለአጭር ሰዓት ይሁን።

እርቁን አልንቅም። ባልና ሚስት ተኳርፈው እያደሩ ልጅ መቀበል አይቻልም። ግን የታረቁት ማንና ማን ናቸው? ባልና ሚስት ናቸው። ልጁ እዚያ አልነበረም፣ ምን እንደሚፈልግም የጠየቀው የለም። ሽማግሌ የአዋቂዎችን ልብ ያቀራርብ ይሆናል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሰውየው ሞቅ ብሎት ሲገባ ግን ሽማግሌው ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ካገኟቸው አይቀር ሌላ ሥራ ይስጧቸው። ከመካከላቸው ሰውየው የሚያፍረውን አንዱን ይምረጡና በየወሩ ብቅ ብሎ እህትዎን ለብቻዋ፣ ልጁንም ለብቻው «እንዴት ናችሁ?» ይበል። ባልየው ፊት መጠየቅ አለመጠየቅ ነው።

ሕጉም ጉዳዩን የቤተሰብ ጠብ ብቻ አድርጎ አያየውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን በኃላፊነት የያዘ ሰው ቢያንገላታ፣ ቢደበድብ፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ችላ ቢል እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በልጁ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከፍ ይላል፣ የቤተሰብ መብትንም ያሳጣል። እርግጥ እዚያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ልጅን በአግባቡ ለማሳደግ ሲባል የሚወሰድ ሕጋዊ የእርምት እርምጃ አይነካም የሚል ነገር አለ። ብዙ አባት የሚያስታውሰው ያቺን ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድና የበርበሬ ጢስ እዚያ ውስጥ አይገቡም። ሌላም ነገር አለ። ሰውየው እናቱን ስላገባ ብቻ የልጁ ሞግዚት፣ ማለትም በሕግ ፊት ኃላፊው፣ አይሆንም። አባት ከሞተ ሞግዚቷ እናት ናት።

ከዚህ ተነስቼ አንድ የማልደራደርበት ነገር ልንገርዎት። በዚህ ቤት ልጁን የመቅጣት ሥራ ከሰውየው እጅ ይውጣ። ጨርሶ ይውጣ። ልጁ ጥፋት ሲያጠፋ ካየ ለእናቱ ይነግራል፣ በቃ። ቁጣም፣ ማንበርከክም፣ ቁንጥጫም የለም። «ሁለተኛ እጄን አላነሳበትም» የሚል መሐላ ብዙ ሰምቻለሁ። ሰው ሲናደድ መሐላው ትዝ አይለውም። «ልጁን መቅጣት ያንተ ሥራ አይደለም» የሚለው ስምምነት ግን ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ሲጣስ ሚስትም፣ ጎረቤትም፣ ልጁም ያውቃሉ። ሰውየውንም ቢሆን ያሳርፈዋል። የእንጀራ አባት የሆነ ሰው «አባትነቴን ላሳይ» እያለ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዱላ በኩል ነው። እሱ ልጁን ሱቅ ይላከው፣ ኳስ ጨዋታ አብሮት ይይ፣ ጫማውን ይግዛለት። መቅጣቱን ይተው።

«እስር ቤት ልብ ገዝቷል» ብለዋል። ሊሆን ይችላል። ግን በምን አወቃችሁ? ሰውየው ከወጣ በኋላ ልጁን አልመታም፣ ምክንያቱም ልጁ ቤት የለም። ይህ ማስረጃ አይሆንም። ይልቅ የሚያስተውሉት ነገር አለ። ትንሿ ልጅ እህል ስትደፋ ምን ያደርጋል? እህትዎ ስትመልስለትስ? አከራዩ ሲጨቀጭቀው ንዴቱን ማን ላይ ነው የሚወጣው? መጠጡን ቀንሷል ወይስ ጉድ እንዳይባል ደጅ ጠጥቶ ይገባል? እስር በራሱ የሚያመጣው መዘዝም አለ። ሥራ ይቋረጣል፣ ዕዳ ይከማቻል፣ ሰፈር ይጠቋቆማል። ይህ ሁሉ ሲደማመር ሰውየው ልቡ ውስጥ «ይሄ ልጅ ነው ያሳሰረኝ» የሚል ቂም ይዞ ሊሆን ይችላል። ያንን ይዞ ከሆነ በግ ቢታረድም ባይታረድም አደጋው አለ።

እህትዎን ደግሞ ለብቻዋ አግኝተው፣ ቡና እያፈላችሁም ቢሆን፣ ዱላው መቼ መቼ እንደነበር ይጠይቋት። ስንት ጊዜ ሳይሆን መቼ። እናቶች ይህን ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ መልስ አላቸው። ቅዳሜ ማታ፣ ሳምንታዊ ክፍያ ተቀብሎ ጠጥቶ ሲገባ። ጠዋት፣ ልጁ ፍራሹ ላይ ሸንቶ ሲገኝ። መልስ ጥሎ ከሱቅ ሲመጣ። የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ሳምንት። ሰዓቱ ከታወቀ መከላከል ይቻላል። ችግሩ የቅዳሜ ማታ ከሆነ ልጁ ቅዳሜ ማታ እዚያ አይደር፤ እርስዎ ጋ ይደር። ችግሩ ፍራሹ ከሆነ የላስቲክ ልባስ ይገዛ፣ አንሶላውን እናቱ ጠዋት ማንም ሳያይ ትቀይር፣ ነገሩም ከሰውየው ጆሮ አይድረስ። እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነው ዱላ የሚቀንሰው።

እግረ መንገድዎን እሷንም ይመታት እንደሆነ ይጠይቋት። ልጅ የሚደበድብ ባል ሚስቱን አለመንካቱ ብዙም አልገጠመኝም። ብቻ «ለምን ዝም አልሽ? ልጅሽ ሲደበደብ የት ነበርሽ?» አይበሏት። ይህን ጥያቄ ሰፈሩ ሁሉ ጠይቋታል። ደግሞ ከጠየቋት እውነቱን ለእርስዎም መናገር ታቆማለች። እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ እርስዎ ጋ እንድትደውል ነው።

አሁን ወደ ልጁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት አያታልሏችሁ። ተመልሶ የሚመጣ ልጅ መጀመሪያ ላይ መልአክ ነው። እሺ ይላል፣ ይላካል፣ ሳይጠየቅ ዕቃ ያነሳል። ሁሉም «ተመስገን» ይላል። ከዚያ ይለወጣል። ይዋሻል፣ እህቱን ይመታል፣ ትምህርት ቤት ይጣላል፣ እንጀራ ጠቅልሎ ከትራሱ ሥር ይደብቃል። በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። «እዚያ ፓስታ ይሰጡን ነበር፣ የራሴ አልጋ ነበረኝ» እያለ እናቱን ያሳቅቃታል። ያኔ ቤቱ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወለዳል፤ «ማዕከሉ አባልጎ ላከው።» ዱላ የሚመለሰው በዚህ በር ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ልጁ ቤቱ አሁን እንደማይጎዳው በራሱ መንገድ እየፈተነ ነው። ባጠፋ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ሳያውቅ እንቅልፍ አይወስደውም። እናቱ ይህን አስቀድማ ካወቀች አትደነግጥም። አስቀድማ ካላወቀች ግን ልጇ የተበላሸ ይመስላታል።

አንዳንዱ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ ጠበል ይዞ ይሮጣል። ይሂዱ፣ አልቃወምም። ልጁን ግን መንፈስ አለብህ አትበሉት። ሽንቱና ቅዠቱ ለወራት ካልቀነሰ፣ ወይም ልሙት እያለ የሚያወራ ከሆነ፣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይወሰድ። «ልሙት» ካለ ግን ወር አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው።

«ያለፈውን ማንም እንዳያነሳበት ተስማምተናል» ያላችሁትን ሐሳባችሁን ተረድቼዋለሁ፤ ልጁ እንዳይሸማቀቅ ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። አዋቂ ሁሉ አፉን ሲዘጋ ልጅ ክፍተቱን በራሱ ይሞላዋል። «ያሳሰርኩት እኔ ነኝ፣ እማዬን ያስለቀስኳት እኔ ነኝ» ይላል። በየቀኑ ይወራ አላልኩም። አንድ ጊዜ፣ በግልጽ፣ ከሚመለከተው ሰው አፍ ይሰማ። ሰውየው ማዕከሉ ውስጥ በሚገናኙበት ቀን ሶሻል ወርከሯ ባለችበት እንዲህ ይበለው፤ «የታሰርኩት ስለመታሁህ ነው፤ አንተ ስለተናገርክ አይደለም። መናገርህ ትክክል ነበር። ሁለተኛ አልመታህም፤ ብመታህ ለአክስትህ ንገር።» ከዚህ በላይ ንግግር አያስፈልግም። ልጁ መልስ እንዲሰጥ፣ እንዲያቅፈው፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» እንዲል አይገደድ። ሰውየው ይህቺን አጭር ንግግር መናገር ካቃተው፣ ወይም «እሱም እኮ ያስቸግራል» እያለ ካጣመማት፣ ልጁ ወደዚያ ቤት የሚገባበት ጊዜ ገና ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው መለኪያ ይህ ነው።

ትንሿም አትረሳ። አራት ዓመቷ ቢሆንም «አባትሽን ያሳሰረው ወንድምሽ ነው» የሚል ሰው ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። እናቷ ቀድማ በልጅ ቋንቋ ትንገራት። ልጁ ተመልሶ ሲገባ የሚሰማው ስም «አባቱን ያሳሰረው» ከሆነ፣ ከዱላው የማይተናነስ ጉዳት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የዱባዩ ወንድማችሁ ልግስናው ያስመሰግነዋል፤ ብስክሌቱ ግን ይቆይ። አባት ኪራይ መክፈል ባቃተው ቤት ውስጥ አዲስ ብስክሌት ሲገባ ሌላ ቂም ይዞ ይገባል። ዋናው ጭንቀት ኪራይ ከሆነ ወንድማችሁ በየወሩ የኪራዩን ግማሽ ይሸፍን፤ በአንዴ ሳይሆን ለአንድ ዓመት ያህል። ብሩ ለሰውየው እጅ አይሰጥ፤ ለእህትዎ ወይም በቀጥታ ለአከራዩ ይግባ። ይህን ሰውየው ፊት አውሩት፣ ከጀርባው አይሁን። ድጋፉ የልጁ መመለስ ሽልማት እንዳይመስልም ተጠንቀቁ። «ልጁ ካለ ብር አለ» የሚል ስሌት ቤት ውስጥ ከገባ፣ ልጁ እየተጎዳም ቢሆን ማንም እንዲወጣ አይፈልግም።

ከገንዘብ ይልቅ እህትዎን የሚያሳርፋት ነገር ሊኖር ይችላል። እንጀራ ጋጋሪ ናት። ከሌሊቱ ጀምሮ ምጣድ ላይ ቆማ ውላ ማታ የሚፈታተን ልጅ በትዕግሥት መያዝ ከሰው አቅም በላይ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለቱንም ልጆች እርስዎ ወይም ሌላ ዘመድ ይያዝላት። ከወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ችግረኛ ቤተሰቦችን በሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በከተማ ሴፍቲኔት፣ መታቀፍ ትችል እንደሆነ ትጠይቅ፤ ምልመላው ጊዜና ኮታ ስላለው ግን ያንን ተስፋ አድርጋችሁ አትቀመጡ። እድራችሁ ከቀብር ውጭ ችግረኛ አባላትን የሚረዳ ከሆነም ይጠየቅ። ብዙ እድሮች ዛሬ ያንን ያደርጋሉ። ልጁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከገባ በአዲስ አበባ የምገባ ፕሮግራም ስላለ በትምህርት ቀናት ቁርስና ምሳው ይቀልላል። ቅዳሜና እሑድ ግን የለም።

ይህ የምገባ ጉዳይ ወደ ቀን መቁጠሪያው ይወስደኛል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው። ሁሉም የሚዘጋጀው ልጁ ለሚገባበት ቀን ነው። ድግስ፣ ልብስ፣ ዘመድ፣ የማዕከሉ ሠራተኞች ጉብኝት፣ ሁሉም እዚያች ሳምንት ላይ ይከመራል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ልጁ ለፋሲካ ቢገባ የመልአክነቱ ጊዜ በግንቦት ያበቃል። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ይዘጋል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ የግንባታ ሥራ ያቀዘቅዛል፣ ግንበኛው ብዙ ቀን ቤት ይውላል፣ ገቢ ይቀንሳል። ልጁም ቀኑን ሙሉ እዚያችው ጠባብ ቤት ነው። ቁስሉን አይቶ የሚያመለክት አስተማሪም የለም። ባለፈው ያዳነው አስተማሪው እንደነበር አይዘንጉ። ስለዚህ ድጋፋችሁን ከሚያዝያ ነቅላችሁ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትከሉት።

እኔ የምመክረው አካሄድ ይህ ነው። ልጁ የዓመቱን ትምህርት አሁን ባለበት ይጨርስ። ከፋሲካ በኋላ ጉብኝት ይጀመር፤ መጀመሪያ ማዕከሉ ውስጥ፣ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን ኮልፌ፣ እርስዎ አብረው ሆነው። ቀጥሎ ያለ እርስዎ። እያንዳንዱ ጉብኝት ካለቀ በኋላ ማዕከሉ ልጁን ለብቻው ያነጋግረው። አዳር የሚጀመረው እነዚህ በሰላም ካለፉ ብቻ ነው። ክረምቱን እርስዎ ጋ ሳሪስ ይቆይ፤ መጀመሪያ እሑድ እሑድን፣ እየቆየ ሁለትና ሦስት ቀን እናቱ ጋ ይደር። ነሐሴ ውስጥ ሁሉም ደህና ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይግባና በሰፈሩ ትምህርት ቤት ይመዝገብ። መልቀቂያው በጊዜ ይውጣ፤ በወረቀት ምክንያት መስከረምን ቤት እንዳይውል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ልጅን ከቤተሰቡ መልሶ ማቀላቀልን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ ነው የያዘው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 እ.ኤ.አ. የተቀበለው መመሪያም ልጅን ወደ ቤት መመለስ ቀስ በቀስ፣ በክትትልና በድጋፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የልጁ ሐሳብም ይሰማ ይላል።

«ታዲያ ማዕከል ውስጥ ተጨማሪ ወራት መቆየቱ አይጎዳውም?» ይሉኝ ይሆናል። ይጎዳል። ልጅ ማዕከል ውስጥ መክረም የለበትም። ማዕከሉም ቦታ የለኝም ሊል ይችላል። እንደዚያ ካለ ልጁ ወደ ኮልፌ ሳይሆን ወደ እርስዎ ይምጣ፤ ጉብኝቱ ከእርስዎ ቤት ይካሄድ።

እርስዎ ጋ ለዘለቄታው ይደግ ወይ ለሚለው፣ አሁን አይወስኑ። የዘመድ ቤት ለልጅ ከማዕከል ይሻላል፤ ግን «እናቴ ያንን ሰው መርጣ እኔን ሰጠችኝ» የሚል ሐዘን ይዞ ሊያድግ ይችላል። እህትዎም «ልጄን ቀማችኝ» ትል ይሆናል። እርስዎስ? ባልዎና ልጆችዎ ካሉ ጠይቀዋቸዋል? ለሁለት ወር ብሎ የገባ ልጅ ለስምንት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ በመሃል «ተመለስ» ማለት ለሱ ሁለተኛ መጣል ነው። ሰውየው በክረምቱ ፈተናውን ከወደቀ ግን ማወላወል የለም። እርስዎ ጋ ይቅር። ያኔ ከእህትዎ ጋር በስምምነት፣ በጽሑፍ፣ ወረዳው እያወቀው ይሁን፤ ካልሆነ ሰውየው አንድ ቀን መጥቶ «ልጃችንን ስጡን» ሲል የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም።

ልጁ ኮልፌ በሚያድርበት ጊዜ ደግሞ ራሱ ሮጦ የሚደርስበት ሰው ያስፈልገዋል። ሳሪስ ሩቅ ነው። እዚያው ግቢ ወይም አጥር ጎን፣ ሰውየውን የማትፈራ አንዲት ሴትዮ ትፈለግ። እህትዎ ታውቃታለች። ልጁ በማንኛውም ሰዓት ሳይጠየቅ ገብቶ መቀመጥ እንዲችል ከሴትየዋ ጋር ይነጋገሩ። የእርስዎን ስልክ ቁጥር ልጁ በቃሉ ይያዝ፤ ሸምድዶ ሲልዎት ይስሙት። አዲሱ ትምህርት ቤት ሲገባም ለክፍል ኃላፊው አስተማሪ ዝርዝሩን ሳይሆን ዋናውን ይንገሩ፤ ሁለት ቀን በተከታታይ ከቀረ ይደውልልኝ ይበሉ።

ዱላ ከተመለሰ ምን እንደሚደረግ ደግሞ አሁን፣ ሁሉም በሰላም እያለ ይወሰን። በዚያው ቀን ልጁ ከቤቱ ይወጣል፣ ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይነገራል። «ቆይ ሽማግሌ እንጥራ» የለም። ሰውየውም ይህን አስቀድሞ ይወቀው። እርስዎ በጉብኝት ላይ አዲስ ቁስል ካዩ፣ ልጁ በሙቀት ረጅም እጅጌ ካላወለቀ፣ ወይም ወደ ቤት መመለሻው ሰዓት ሲደርስ ሆዱን አመመኝ ማለት ካበዛ፣ እህትዎ የምትሰጥዎትን ምክንያት ሰምተው ብቻ አይለፉት።

አንድ ነገር ልለይ። ይህ ሁሉ ምክር ለዱላ ነው። ልጁ ላይ የወሲብ ጥቃት ደርሶ ቢሆን፣ አድራጊው እቤት እያለ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ጉብኝትም፣ ሽማግሌም የለም። ልጁ እስካሁን ያልተናገረው ነገር ሊኖር ስለሚችል ሶሻል ወርከሯ ይህንን ጠይቃው እንደሆነ ያረጋግጡ። እንዲሁም ልጁ ራሱ «አልሄድም» ካለ፣ «ልጅ ምን ያውቃል» ተብሎ አይታለፍ። እዚያ ቤት ያደረው እሱ ነው።

የማዕከሉ ክትትል ላይም ብዙ አይመኩ። ሠራተኞቹ ጥቂት፣ ጉዳዩ ብዙ ነው። መጀመሪያ አካባቢ መጥተው ያያሉ፣ እየቆየ በስልክ ይሆናል፣ ከዚያም ይቀራል። በዚህ ሳምንት ሶሻል ወርከሯ ጋ ይደውሉና ልጁ ከመውጣቱ በፊት እህትዎ፣ ሰውየው፣ እርስዎና የወረዳው ባለሙያ የምትገኙበት ስብሰባ እንድትጠራ ይጠይቁ። ስብሰባው ላይ የሚጻፈው ወረቀት ሦስት ነገር ይያዝ፤ ልጁን ማን እንደማይቀጣ፣ በሐምሌና በነሐሴ ማን በየትኛው ቀን ሄዶ እንደሚያየው፣ ዱላ ከተመለሰ ልጁ የት እንደሚያድር። ሰውየውም ይፈርምበት፤ አንዱ ቅጂ እርስዎ እጅ ይቅር። ስብሰባው ከፋሲካ በፊት ካልደረሰ የመመለሻው ቀን ይተላለፍ። ለወንድማችሁም ብስክሌቱን አሁን እንዳይገዛ ዛሬውኑ ይደውሉለት።